ተኝቷል ያልከኝ ድንጋይ

ውድ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ እያለህ ከደረሰህ አታንብበው። መጀመሪያ ሠራተኞቹን ይዘህ በመኪናው መውጫ ውጣ። ከዚያ ትሰድበኛለህ።

ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ስልክህ አይሠራም። እግሬ ጀሶ ውስጥ ባይሆን ወረቀት ይዤ አልቀመጥም ነበር።

ጠዋት ሾፌራችሁ ግቢያችን ውስጥ በስስ በስስ ንጣፍ የሚፈለጠውን የሰሌዳ ድንጋይ እያወረደ ነበር። በመስኮት ጠራሁትና "የወንድሜ ድንጋይ እንዴት ነው?" አልኩት።

"የእሱማ ምን ችግር አለበት ጋሼ፣ ተኝቷል። ከሥሩ ትንሽ ሲነኩት ራሱ ተንሸራቶ ይመጣል። ሌላ ቦታ ሰው ድንጋይ ይፈልጣል፣ እነሱ ቁጭ ብለው ይቀበላሉ" አለና ሳቀ።

እኔ ስልኬን አነሳሁ።

የሰሌዳ ድንጋይ ያለበትን የአገሪቱን ክፍል ሁሉ ዞሬ ካርታ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። በሰሜኑ ሸለቆ ንጣፎቹ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ናቸው፤ እዚያ ያሉ ቆራጮች "ተኝቷል" ይሉታል። በደቡብ እንደ መደርደሪያ መጻሕፍት ቀጥ ብሏል፤ "ቆሟል" ይሉታል። የእናንተ ተራራ ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ምሥራቁ ዝርግ ነው፣ ምዕራቡ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ታች ያዘነበለ። ባለፈው በስልክ የጠየቅኩህ በየትኛው በኩል እንደከፈታችሁ ለማወቅ ነበር። "ተኝቷል" አልከኝ። ዝርጉ ነው ብዬ "እንግዲያው ከሥሩ ቁረጡ" አልኩህ። ለካ እናንተ ጋ "ተኝቷል" ማለት ወደ ቆራጩ አዘንብሏል፣ ሥራ አቅልሏል ማለት ነው። ይህን የሚነግር ካርታ የለም።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ "ከላይ ሣሩ ላይ ስንጥቅ ወጥቶ አካፋዬን ዋጠብኝ" አልክ። አብሬህ ሳቅሁ። ድንጋዩ ዝርግ ከሆነ የተሰነጠቀው አፈሩ ብቻ ነው። ካዘነበለ ግን ተራራው እየተላቀቀ ነው፤ እናንተም የቆመበትን እግር እየቆረጣችሁለት ነው። ከትናንት ጀምሮ ይዘንባል። ውሃው በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ይታየኛል፣ ዓይኔን ብጨፍንም ይታየኛል።

ተናድጃለሁ፤ በአንተም በራሴም። ግን "እንደ ማተሚያ ቤት ትጽፋለህ" የምትለው እጅ ጽሑፌ እንዲህ የተንጋደደው በንዴት አይደለም።

ለሾፌሩ በቃል ልንገረው ብዬ ነበር፤ ግን ተሳስቃችሁ ትቀራላችሁ። "ወንድም ጋሼ ደግሞ ጀመረው፣ ድንጋይ በእስክሪብቶ የሚፈልጠው ሰውዬ" ትላለህ። በል። ብቻ ውጭ ሆነህ በል።

ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ ልይ ብለህ አጠገቡ እንዳትሄድ። ውስጥ የቀረ መዶሻ ካለ ይቅር። የጉድጓዱ ጠባቂ "ጃኬቴን ውስጥ ረሳሁ" ቢልህ የራስህን ስጠው።

ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ከመንገዱ ማዶ ኔትወርክ የምታገኝበት ጉብታ አለ ብለኸኝ ነበር። እዚያ ሆነህ ደውልልኝ። ሰላምታ አልፈልግም፤ "ሁላችንም ወጥተናል" በለኝና ዝጋው። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው።

እልኸኛነትህን ስለማውቅ፣ እዚህ ድረስ ያነበብከው እዚያው ቆመህ እንዳይሆን ፈርቼ አንድ ጊዜ ልጠይቅህ።

ወጣህ?

በል፣ አሁን ሳቅብኝ።

ወንድም ጋሼህ