በፓርኩ በር ሱቅ የጻፍኋቸው ስሞች

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.

በአዲስ አበባ ከተማ ለምትኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለሳቢር ጠልሐ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እኔ ታላቅ ወንድምህ ፋሩቅ ጠልሐ ነኝ። የምጽፍበትም ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ያደረግኸውን ማወቄን እንድታውቅ፣ ሁለተኛው ከሚያዝያ አሥር ቀን በፊት እዚህ መጥተህ እውነቱን በሰው ፊት እንድትናገር ነው። ስልክህን ሰባት ጊዜ ደውዬ ስላላነሳህልኝ ወደ ብዕር ተመለስሁ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከነቤተሰብህ እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተሻለህን? ባለቤትህ ፊርደውስስ እንዴት ናት? ትንሿ ባሲማ ቁርኣን ጀመረች ወይስ እንደ አባቷ እስኪቆጧት ትጠብቃለች? እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና አለን። የእኔ ጉልበት ዳገት ባየ ቁጥር ይለግማል፤ ባለቤቴ ፈትሂያ ግን እንዳየሃት ናት። ተቆጥቻለሁ ብዬ ሰላምታህን አላጎድልብህም፤ ሰላምታው የአላህ ሐቅ ነው፣ ቁጣው የእኔ ነው።

በጥቅምት ወር ደውለህ፣ በፓርኩ በር ለተከፈተው ሱቅ የበጋውን ወራት ብቻ የሚቀመጡ ባልና ሚስት ይፈለጋሉ፣ ታማኝ ሰው ጠፋ ብለህ ስትለምነኝ እንቢ እንዳልሁህ አትረሳም። ዕድሜዬን በኪታብ ፊት ያሳለፍሁ ሰው ብስኩትና የባትሪ ድንጋይ ልሸጥ? ያግባባችኝ ፈትሂያ ናት። «ቁርኣን የሚያስተምሯቸው ደረሶችዎ ለአጨዳ ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ ባዶ ቤት ከሚቆጡ ፈረንጅ ይቆጡ» አለችኝ። በጭነት መኪና ላይ ፍራሻችንን ጭነን ወጣን። ሱቁ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው፤ ከኋላው የምናድርበት ጓዳ አለው፤ ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩ የጓሳው ሣር እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይተኛል።

ሥራውን ወደድሁት ብል ውሸት አይሆንም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሲወጣ ውኃ፣ ሲመለስ ባርኔጣ ይገዛል። ፈትሂያ ከቋንቋቸው አንዲት ቃል ሳታውቅ በቅንድቧ ትሸጥላቸዋለች። ባርኔጣውንና ትንንሹን ቅርጫት ከጓሳ ሣር የሚሠሩት የአካባቢው ሴቶች ናቸው፤ እኛ ዘንድ የሚያስቀምጡትም በአማና ነው፤ እስኪሸጥ ድረስ ንብረቱ የእነርሱ ነው። አማና የተባለ ነገር ባለቤቱ ሳይታወቅ መደርደሪያ ላይ ማደሩ ስላስጨነቀኝ፣ ወረቀት እየቆረጥሁ አባታችን ባስተማረኝ ጽሕፈት የሠራችውን ሴት ስምና ሣሩ የታጨደበትን ቦታ እየጻፍሁ በክር አሰርሁበት። «ባለእጇ እታገኘሁ፤ ሣሩ ከዋሻ አፋፍ» እያልሁ ነው። የዋሻ አፋፍ ሣር ጠንካራ መሆኑን ገዢው እንዲያውቅ ብዬ ነበር። ፈትሂያ ቆማ አየችኝና «አንቱ ሰው፣ ባርኔጣ ነው የምንሸጠው ወይስ ኒካሕ ነው የሚያስሩት? ስሟ ይበቃ የለም ወይ፣ ሣሩ ከየት እንደመጣ ማን ጠየቀዎ?» አለችኝ። የሴት ወሬ ብዬ አለፍሁት። ዛሬ እርሷ ትክክል እንደነበረች እጽፋለሁ።

ሴቶቹ ግን ተደሰቱ። ዕቃ ከሚያስቀምጡት ከአሥራ አንዱ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ሁለት ናቸው። እታገኘሁ የራሷን ሁለተኛ ወረቀት አስጽፋኝ በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች። ይህች እታገኘሁ በልጅነትህ ከመድረሳ ስትመለስ ጠርታ አሬራ የምታጠጣህ ናት፤ መልኳ ቢጠፋህ ቅሏ አይጠፋህም።

አንተ የመጣኸው ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን ነው። ቀኑን አልስተውም፤ በማግሥቱ ከባለእጆቹ የአንዷን የፋጢማን ልጅ ሠርግ አብረን በልተናል። ከሱቁ ተቀምጠህ እያንዳንዱን ወረቀት በደብተርህ ስትገለብጥ ምን እንደምታደርግ ብጠይቅህ «እነዚህን ባለእጆች አገር ይወቃቸው፤ ስማቸውን አዲስ አበባ አደርስላቸዋለሁ» አልኸኝ። ፋጢማ መረቀችህ። እኔም አሚን አልሁ።

ዋሻ አፋፍን በማይታጨድ ክልል ውስጥ ያስገባው የወሰን ድንጋይ የተተከለው አንተ ከሄድህ በኋላ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶቹ እንደ እናቶቻቸው ዋሻ አፋፍ ወጥተው ሲያጭዱ የከለከላቸው አልነበረም። ድንጋዩ ከተተከለ ወዲህ አንዲቷም እግሯን አላሳለፈችም። ሕጉ ሕግ ነው፤ እኔ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሣሩ ሚያዝያ አሥር ቀን ለአጨዳ ስለሚከፈት ሰው ሁሉ ለምዝገባ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ያለው የሚባለው የፓርኩ ጥበቃ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና «ሸህ፣ የእርስዎ ድምፅ ሩቅ ይሰማል፤ ያንብቡልን» ብሎ ሰጠኝ። የተመዝጋቢ ስም መስሎኝ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ በሙሉ ድምፄ ጀመርሁ። ከክልሉ ውስጥ በማጨዳቸው ለሦስት ዓመት የተከለከሉ ሴቶች ስም ነበር። ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ «ባለእጇ እታገኘሁ፤ ሣሩ ከዋሻ አፋፍ» ይላል። ቃሉ የእኔ ነው፤ ቅደም ተከተሉም የእኔ መደርደሪያ ቅደም ተከተል ነው። ጀምሬ ማቋረጥ ስላልቻልሁ አሥራ አንዱንም አነበብሁ። ከግርጌው «ጥናቱን ያቀረበው ሳቢር ጠልሐ» የሚለውንም አነበብሁ። የአባታችንን ስም በዚያ ወረቀት ላይ በራሴ ድምፅ ጠራሁት።

ጥበቃው ወረቀቱን ሲቀበለኝ ሳቅ ብሎ «እኛማ የቱ ሣር ከየት እንደታጨደ በምን እናውቅ ነበር? ደግ ጸሐፊ ሰጠን እንጂ» አለኝ። ለዚህም ጥናት ብሎ መሥሪያ ቤትህ ሹመት እንደሰጠህ የነገረኝ እርሱ ነው። ሴቶቹ ዘወር ብለው አላዩኝም። ፈትሂያ ብቻ «ይግቡ፣ ፀሐይ ነው» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

አሁን የማልታገሥህን ነገር ስማ። በዚያው በጥናትህ ወረቀት ላይ ዕቃው «በጥር ወር የታየ» ይላል። በጥር አንተ እዚህ አልነበርህም። ቀኑን ረስቶት ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ብዙ ታገልሁ። ነገር ግን ሠርጉን የበላ ሰው ኅዳርን ጥር አይለውም። ኅዳር ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ድንጋዩ ገና አልተተከለምና ጥፋት አይገኝባቸውም ነበር፤ ጥፋት ባይገኝ ደግሞ ጥናትህ ጥናት አይባልልህም።

እኔም ጥፋቴን አልሸሽግም። ኪታብ ገልብጬ ስጨርስ ቀኑን ሳላሰፍር ብዕር አስቀምጬ የማላውቅ ሰው፣ ባርኔጣ ነው ብዬ ናቅሁትና ስም ጻፍሁ፣ ቦታ ጻፍሁ፣ ቀን አልጻፍሁም። ስለዚህ ሣሩን የሚያስጠብቀው ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ዕቃው በኅዳር እኔ ዘንድ ነበረ ስል «ወረቀትዎ ቀን የለውም፤ የጥናቱ ባለቤት መጥቶ ያስረዳ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የእኔ ቃል በወረቀትህ ታስሯል፤ የሚፈታው የአንተ ቃል ብቻ ነው። ካልመጣህ እነዚህ ሴቶች ለቤታቸው የሣር ክዳን ሳይኖራቸው ክረምት ይገባባቸዋል፤ እጃቸውም ሦስት ዓመት ሥራ ይፈታል።

አባታችን ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርህ። የመጀመሪያዋን ፊደል አሊፍን በጣትህ ላይ ጣቴን አድርጌ ያስጻፍሁህ እኔ ነኝ። መክፈል አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ያ ጣት አንድ ቃል እንዲያቃና ነው፤ ጥር የሚለውን ሰርዘህ ኅዳር በል፣ በሰው ፊት በል። ሹመትህ ቢቀር እኔ ቤት እንጀራ አለ። ባትመጣ ግን በጸሎቴ አልረሳህም፤ ደጄን ግን አትርገጥ።

ሱቁን ለቀን ወርደናል፤ ይህንንም በከተማው ከቤታችን ሆኜ እጽፍልሃለሁ። ለፊርደውስ የእኔንና የፈትሂያን ሰላምታ አድርስልን፤ እርሷ በዚህ ነገር የለችበትምና አንዳች አታሳዝናት። ባሲማን ግንባሯን ሳምልኝ። ፈትሂያ «ሳይበላ እንዳይመጣ፤ መንገዱ ሆድ ያምሳል» ብላሃለች፤ እንደምትመጣ ከእኔ ይልቅ ታምናለች። ጎረቤታችን አሕመድኑር ሰላም ብሎሃል። ፋጢማ ስምህ ሲነሳ ተነሥታ ትወጣለች።

ከእታገኘሁም ሰላምታ ልልክልህ ፈልጌ ነበር። ሱቁን በለቀቅንበት ጠዋት መጣች፤ ያቺን ወረቀት ከመቀነቷ ፈታ ባንኮኒው ላይ አኖረችልኝ። በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ወንድምህን እንዲህ አለችው፦ «ሸህ ፋሩቅ፣ ስሜ ተጽፎ ያየሁት በእርስዎ እጅ ነው፤ ደስ ብሎኝ ለልጆቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። ከእንግዲህ ግን ማንም ቢጠይቅዎ፣ አላውቃትም ይበሉልኝ።»