ደጅ የሚጠብቀው ውሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቫኑን አጥቤ ገባሁ። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች እየሰበሰበ የሚያድለው ድርጅታችን፣ ዳላስ ዳር ፋርመርስ ብራንች ያለው መጋዘን ዛሬም በውሻ ጩኸት ተናውጧል። ኦክላሆማ፣ ከኔቲቮቹ፣ ከአገሩ ቀደምት ሰዎች መንደር ነው የጫንናቸው። ሳይታሰር የተገኘ ሁሉ ባለቤት የለውም ይላሉ አለቆቼ። እኔ ሹፌር ነኝ፣ እነዳለሁ። አንዱ ቡናማ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ መንገዱን ሙሉ ድምፁን አላሰማም። ስንነሳ አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ወጥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ቫኑ ዘረጉ። ምርቃት! ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩና ነዳሁ። ሚስቴ አልማዝ ከሞተችብኝ ወዲህ የመረቀኝ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሐሙስ 12፣ ሚካኤል

ቤ/ክ ሳልሳለም ወጣሁ። እዚያው መንደር፣ የውሻ ምግብ ለማደል። አሮጊቷ መጡ። ሩት ይባላሉ። ውሻዬን አሉኝ። ለካ ያን ቀን ቁም ማለታቸው ነበር።

ቡናማው የሳቸው ነው። ማታ ደጃቸው ይተኛል፣ ቀን መንደሩን ይዞራል፣ ያገኘው ሁሉ ያበላዋል። ስሙ በቋንቋቸው ነው፣ አፌ አልያዘውም። አገር ቤት የኛ ሰፈር ውሻስ? ማን አስሮት ያውቃል? እያወቅሁ ጫንኩት።

ይቅርታ ስል፣ ብዙ ሌባ አይቻለሁ፣ እጅ ነስቶ የሚሰርቅ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔንም ልጅ ሆኜ በመኪና የወሰዱኝ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ለአዳሪ ትምህርት ቤት ነው ብለው። ጸጉሬን ቆረጡ፣ ስሜን ቀይረው ሩት አሉኝ። እናቴም እንደኔው ደጅ ቆማ እጇን ዘረጋች።»



ዓርብ 13

ለአለቃዬ ለሊንዳ ነገርኳት። ክፋት የለባትም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ስዊቲ አለችኝ፣ በዚህ ሽበቴ። ውሻው ወደ ውስጥ አልገባም ብሎ የመጋዘኑ በር ላይ ይተኛል፤ ፍቅር ስለማያውቅ ነው አለች። በር እየጠበቀ ነው አልኩ። ኦኬ አለች። አልሰማችኝም። አዲስ ስም አውጥተው ባዲ ብለውታል። ነገ ዋይሊ የሚባል ከተማ ለሚያሳድጉት ሰዎች ይሰጣል፣ አጥር ያለው አዲስ ቤት። አድራሹ እኔ። አሮጊቷስ? ሌላ ውሻ እንሰጣቸዋለን አለች።

እኔስ? ሥራዬን ፈርቼ እሺ፣ አደርሳለሁ አልኩ። ማረኝ የምለው በየትኛው አፌ ነው?

ቅዳሜ 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቪከሪ ሜዶ፣ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ። ውሻው ከኋላ ነው። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ዝም። ጸልያለሁ። ያባርሩኛል። ሌባም እባላለሁ፤ ለነገሩ ተብያለሁ።

ሊንዳ ኮል አደረገች። የዋይሊ ልጆች በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው አለች። አዘንኩላቸው። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ግን ሌላም አሉ። ስልኩን ዘጋሁት።

ማስታወሻዬ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦክላሆማ ነው የምነዳው። ዛሬ ሩት እጃቸውን ሲዘረጉ እቆማለሁ።