የዋኘው መቋሚያ

ሰኞ፣ ሐምሌ

አባባ ውሃ ውስጥ አልገባም ብለዋል። ከደብረ ታቦር ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ በሚኒባስ ተንገጫግጨን፣ ክፍል ተከራይተን፣ አዲስ ፎጣ ገዝተን፣ አልገባም! ገንዳው ዳር ጋቢ ተከናንበው ቁጭ። ዝናብ የመታው ጭልፊት ነው የሚመስሉት።

አያቴ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ሰፈራችን «የኔታ» ሲል እሳቸውን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ ጉልበታቸው ተበላ። ባሕር ዳር የወሰድናቸው ጊዜ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አየና «ጉልበትዎ አልቋል» አላቸው።

«ልጄ፣ ጉልበቴ ማለቁን ለመስማት ነው ባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት? እሱንማ ሚስቴም ትነግረኝ ነበር።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። ወይ ቀዶ ጥገና ተደርጎ በብረት ይቀየራል፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ይሞከራል አለ። ውሃው ክብደታቸውን ይሸከማል፣ ጡንቻቸው ይጠነክራል። ለሁሉም ሰው ግን አይሠራም። ካልሠራ ኅዳር ላይ ቀዶ ጥገና።

የአባባ ሐሳብ ኅዳር አይደለም፤ ነሐሴ ነው። የቡሄ፣ የደብረ ታቦር በዓል ማሕሌት ላይ ቆመው ማደር ይፈልጋሉ። አምና ተቀምጠው ነው ያደሩት። ማንም አልወቀሳቸውም። እሳቸው ግን ለቀናት ከቤት አልወጡም።

ማክሰኞ

ገቡ! አገባባቸው ግን።

የሚያሠራን ጌታሁን የሚባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ በዕረፍቱ ሕመምተኞቹን ሰብስቦ ያመጣን። አባባ «ወጌሻው» ይሉታል።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ…»

«ጎሽ! የተማረ ወጌሻ።»

መደገፊያ እንዲሆናቸው ሰማያዊ የስፖንጅ ዘንግ ሰጣቸው። በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት። «ይሄ ምንድን ነው? የፍራሽ አንጀት?» ወረወሩትና በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ። ቁምጣ ከታች፣ ጥምጣም ከላይ፣ መቋሚያ በእጅ! ደረጃው ላይ አዳለጣቸው። እኔ በብብታቸው ያዝኳቸው፤ መቋሚያው ግን አመለጠና ተንሳፍፎ ሄደ። ማዶ ወገባቸውን የሚያስታምሙት ሐጂ ሰይድ፣ የገበያችን ጨርቅ ነጋዴ፣ ቀለብ አደረጉት።

«የኔታ! በትርዎ ከእርስዎ ቀድሞ ዋና ቻለ!»

ገንዳው በሙሉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ወጡ። ውሃ ውስጥ የቆዩት አንድ አቡነ ዘበሰማያት የማያስደግም ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ገብተው እንደ ምሰሶ ቆሙ። ጌታሁን «አንድ! ሁለት! ጉልበት ወደ ላይ!» ይላል። አባባ «እኔ ወታደር አይደለሁም» ይላሉ።

ያኔ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ጌታሁን የሚያሳየው ምንድን ነው? ክብደትን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጉልበት አንስቶ ቀስ ብሎ ማውረድ። ዝማሜ አይደል እንዴ! ካህናቱ መቋሚያ ይዘው በዜማው ግራ ቀኝ የሚሉት። ትንሽ ሳለሁ አባባ ሊያስተምሩኝ ደክመዋል፤ እኔ ወደ ኳስ ሜዳ ኮበለልኩ። ፍርፋሪው ግን ቀርቶኛል። ጎናቸው ቆምኩና ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሆን ብዬ እያበላሸሁ። መውደቅ ያለበትን ድምፅ አነሳሁት፤ እግሬንም በቀኝ ፈንታ ግራ አልኩ።

የአባባ ጆሮ ቀላ። ደገምኩት።

«ተው።»

አልተውኩም።

«ገደልከው! አንተ ውርንጭላ፣ ገደልከው እኮ! እግሬን እይ!» ብለው ጉልበታቸውን አነሱ። ቀስ ብለው አወረዱ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ቃሉን ግን አላወጡም፤ «መታጠቢያ ውስጥ ነን፣ እግሩን ብቻ» አሉ። ጌታሁን መቁጠሩን ተወ።

ኋላ ላይ ነገሩ ገባቸውና ቀጥ አሉ። «ሆን ብለህ ነው።»

«ምኑን አባባ?»

ማታ ከፊታቸው ያለውን ሽሮ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ምስጋና አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ሽሮ ነው።

ሐሙስ

ሐጂ ሰይድም ከኋላችን ተሰለፉ። «እኔ እግሩን ብቻ ነው የምከተለው፤ ቃሉን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

«ቃሉንማ እኔም ለዛሬ ትቸዋለሁ ሐጂ። ቀኝ ነው ያልኩት! ጨርቅ ሲለኩም እንዲህ ነው?»

«ጨርቅ ቆሞ ይለካል የኔታ፤ አይወዛወዝም!»

ዛሬስ አባባም ሳቁ። ጌታሁን ይበቃል ሲላቸው አልሰማ አሉ።

ከሰዓት ጉልበታቸው አብጦ ተኙ። ነገ ዕረፍት ታዘዘ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ አባባ ግድግዳ ያያሉ። ሳልጠይቃቸው፣

«ቢላው አይደለም የሚያስፈራኝ» አሉ። «ማደንዘዣው ነው። ያለኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ስነቃ ዜማው ባይኖርስ?»

ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ሳብኩላቸው።

«እኔ እይዝልዎታለሁ» አልኩ። እኔ! ከአራት መስመር በላይ የማልዘልቀው! አልሳቁብኝም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

አርብ

እብጠቱ ጎደለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጌታሁንን ለብቻው ጠየቅኩት። ለጉልበት ቀዶ ጥገና ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝም አለ፤ ሐኪሙን ጠይቁት አለኝ። ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እያየሁ ሊጠርቡኝ ነው?»

ምንም ቢሉኝ ፊታቸው ግን ትንሽ ተፈታ። ቀኑን አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ጭኔን በመዳፋቸው እየመቱ፣ ዜማው የትኛው ቃል ላይ እንደሚነሳ የትኛው ላይ እንደሚወድቅ አሳዩኝ። ጭኔ አሁንም ያቃጥላል።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን። አባባ ዛሬ በልክ ሠሩ፤ በጌታሁን «ይበቃል» ላይ አቆሙ። ከገንዳው ሲወጡ መቋሚያቸው እኔ እጅ ነበር። አልጠየቁኝም። የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ራሳቸው ወጡ። ሐጂ ሰይድ ከውሃው ውስጥ አጨበጨቡ።

ጌታሁን አልተቻኮለም። «የቀዶ ጥገናው ብረት ይቀራል አላልኩም የኔታ። ይዘገይ ይሆናል። እንቅስቃሴው ከቀጠለ፣ ሐኪሙም አይቶ ነው።»

«ደብረ ታቦር ፍል ውሃ ከየት ይመጣል?» አሉ አባባ።

«በርሜል አለን» አልኩ።

«ልትቀቅለኝ!»

በየወሩ ተመልሰው እንዲመጡ፣ እስከዚያ ወንበር ላይ የሚሠራውን አሳያቸው። «ነሐሴ ላይስ? እቆማለሁ?» ሲሉት «ትንሽ ይቆማሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ» አለ። አባባ ፊታቸውን አኮሳተሩ። ግን «ወጌሻው» ማለቱን ትተው «ልጄ» ብለው መረቁት።

ደብረ ታቦር ካፊያና ብርድ ሆኖ ጠበቀን። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ትከሻዬን አዘጋጀሁ፤ እጃቸው መጥቶ አረፈበት።

«አመመዎት?»

«የለም። እዚህ ስህተትህን የሚሸፍንልህ ውሃ የለም። ቀኝ እግር። ጀምር።»

ጭቃ ለጭቃ ወደ ቤት እየሄድን ጀመርኩ። እግሬን ወደ ግራ ማዞሪያው ላይ ተሳሳትኩ።

ቆም ብለው አዩኝ። «ሆን ብለህ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ሆን ብዬ አልነበረም። የእሳቸው ጉልበት ግን ሊያርመኝ ቀድሞ ተነስቶ ነበር።