ሳይታረስ የቀረው መሬት

ዓለሜ፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። መዋሸት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ደህና ነን አልልሽም፣ ግን ወጥተን እየገባን ነው። ልጃችን ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጋረጃ ሱቁን ይዛልኛለች። ጨርቅ ስትመርጥ ቁርጥ አንቺን ናት። አከፋፋዩ አበባ ያለበት ሲዘረጋላት፣ እንዲህ ያለ አበባ የት አገር ነው የሚበቅለው ብላ ታሾፍበታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነው። ዘንድሮ ለመስቀል ጉራጌ አልገባሁም። አዎ፣ እኔው ነኝ። ጣና፣ ደሴትሽ ሄድኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት በየመስቀሉ አገሬ ይዤሽ ገባሁ። በኩር ልጅ ነኝ፣ በሬው ያለኔ አይታረድም፤ አንቺ ከሌለሽ ደግሞ እናቴን ክትፎው አይጥማትም። ግማሽ መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ እኛም እንወጣለን። የጣናው አበባሽ የሚፈነዳው ደግሞ ያኔውኑ ነው፤ ጥቅምት ሲጋመስ ረግፎ ያልቃል። ለለቅሶም ለሠርግም በበጋ ብቻሽን ሄደሻል፣ በመስከረም ግን አንድም ጊዜ አልደረስሽም። ለከርሞ እልሽ ነበር። በየዓመቱ ለከርሞ።

አንድ ጊዜ ከአገር ስንመለስ፣ ቡታጅራን አለፍ እንዳልን፣ መንገድ ዳር አደይ አበባ አይተሽ እንዳቆምልሽ ለመንሽኝ። ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ ብዬ ነዳሁት። አልተቆጣሽም። አዲስ አበባ እስክንገባ በመስኮቱ በኩል ታዪ ነበር። ስለዚያች ቀን ይቅር በይኝ።

ዘንድሮ ለወንድሜ ደውዬ ቢላዋውን አንተ ያዝ አልኩት። ሂድ አለኝ። ከማህሌት ጋር ባሕር ዳር ገባን፣ ከዚያ በጀልባ ግማሽ ቀን። ውኃ ስለምፈራ ማህሌት እጄን ይዛ ስትስቅብኝ ነበር። ከተማሽ እንደነገርሽኝ ትንሽ ናት፤ አንድ ጎዳና፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሻይ ቤት። ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን፣ ዓለሜ፣ ታጋንናለች እል ነበር። ምንም አላጋነንሽም። ቢጫው፣ ነጩ፣ ስሙን የማላውቀው ወይን ጠጁ፣ እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ነው። ስንት ዓመት ጨርቅ ስሸጥ እንዲህ ያለ ቀለም አላየሁም።

ታላቅ እህትሽ እትዬ ስመኝ ስታየን እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥን። ስንረጋጋ ከጓሮ ወዳለው ማሳ ወሰደችን። ዙሪያው ዳጉሳ ነው። መሐሉ ላይ ግማሽ ጥማድ የማይሞላ መሬት ብቻውን አበባ ለብሷል። ምነው ይኼ ሳይታረስ ቀረ ብዬ ጠየቅኋት።

«ዘንድሮ ትመጣለች፣ ዘንድሮ ትመጣለች እያልኩ ነው ሳላሳርሰው የኖርኩት» አለችኝ። «አሁንስ ላሳርሰው?»

መሬት በጠበበባት ደሴት እሷ ይህን ሁሉ ዓመት እህሏን ትታልሻለች፤ እኔ አንድ መስከረም አልሰጠሁሽም።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ ስንት ጊዜ ለከርሞ ያልኩትን ሰውዬ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ለእናቴ ቁርጡን ነገርኳት፤ ከእንግዲህ መስከረም የሚስቴ የዓለም ነው አልኳት። አለቀሰች እንጂ አልተቃወመችኝም። ያ መሬት ባለመታረሱ በየዓመቱ የሚቀርባትን ዳጉሳ እኔ እየገዛሁ ለእትዬ ስመኝ ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ። እኔ እስካለሁ አይታረስም።

ባልሽ