ፎቶ አንሺዋን ሚስ ኦዴሳ ማክሬይን ስንሸኝ

የሜምፊስ የጎረቤት ፎቶ ቤት ማኅበር መሥራችና ለረጅም ዘመን ሰብሳቢ የነበሩት ሚስ ኦዴሳ ማክሬይ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ጠዋት በስድሳ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን ስንገልጽ፣ የማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች የተሰማን ሐዘን ከባድ ነው። ፎቶ ቤቱን ከፍተን ገብተናል፤ እጃችን ግን ሥራ አልይዝ ብሎናል።

ሚስ ኦዴሳ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ሜምፊስ፣ በከተማዋ ደቡብ ነው። ፎቶ ማንሣት የተማሩት የቀብር ፕሮግራም በሚያትም የሰፈር ማተሚያ ቤት ተቀጥረው ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶውና ስሙ የወጣ ፕሮግራም ለለቀስተኛው ይታደላል። ያንን ፕሮግራም ማንም አይጥለውም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጦ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሽፋኑ ላይ የወጣው ፊት የሟቹ የመጨረሻ ፊት ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 እንደ እርሳቸው ትራንስጀንደር የነበሩት፣ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው የኖሩት ጓደኛቸው ሚስ ሮዛሊን ሲያርፉ፣ ቤተሰቡ በሽፋኑ ላይ ያወጣው በልጅነታቸው በከረባት የተነሡትን ፎቶና ሲወለዱ የተሰጣቸውን የወንድ ስም ነበር። ለቀብር የመጡት ወዳጆቻቸው ፕሮግራሙን አይተው «ቤተ ክርስቲያን ተሳስተናል» ብለው ከበር ተመለሱ። ሚስ ሮዛሊን ያለ ወዳጅ ተቀበሩ። ሚስ ኦዴሳ ይህን አልረሱትም፤ እኛም እንድንረሳው አልፈቀዱልንም።

ከዚያ ወዲህ ትራንስጀንደር የሆኑ ጎረቤቶቻቸውን በጤናቸውና በደህና ቀናቸው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ማንሣት ጀመሩ። ፎቶው ላይ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም ይጻፋል፤ አንዱ ቅጂም ወድዶ ተቀበለም አልተቀበለም ለቤተሰብ ይላካል። መቼም እኛ ሰፈር ያለ ቀልድ የሚያልፍ ነገር የለም። «ሚስ ኦዴሳ፣ ገና ሳልታመም ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?» ይሏቸው ነበር። «ዝም ብለሽ አገጭሽን ቀና አድርጊ። አንቺማ እኔን ቀብረሽ ዓሣ ጥብስሽን ትበያለሽ» ብለው ይመልሳሉ። እንዳሉትም ሆነ።

መታወቂያ ለማውጣት ለተቸገሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ጉርድ ፎቶ በነጻ አንሥተዋል። ኪራይ አቅቷቸው ዕቃቸው ደጅ የወጣባቸውን ቤተሰቦች ሲያነሡም፣ መጀመሪያ ልብሳቸውን አስቀይረው፣ መንገድ ዳር በተጣለው የገዛ ሶፋቸው ላይ በክብር ያስቀምጧቸው ነበር። የከተማው ምክር ቤት ስለ ቤት ጉዳይ በተሰበሰበ ጊዜ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ገብተው፣ እስኪታዩ ድረስ ከአዳራሹ አልወጣም ብለዋል። እልኸኛ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ግን ከፍ አድርገው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የትራንስጀንደር ጎረቤቶቻቸውን ፎቶዎች ለሕዝብ ሲያሳዩ የመረጡት ቦታ የሰፈሩን የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። «ሙዚየም የሚሄደው ሙዚየም የለመደ ሰው ነው፤ ልብስ የሚያጥበው ግን ሁሉም ነው» ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፎቶ ተቀዶ ተገኘ፤ ሌላ አሳትመው እዚያው ቦታ ሰቀሉት። ልብሳቸው እስኪደርቅ የሚጠብቁ አንዲት እናትም ቀና ብለው አይተው፣ «ይቺ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አይደለችም እንዴ? እኔ እኮ በየወሩ ነው የማገኛት» አሉ። ማኅበሩ በሥራ ዘመኑ ካገኛቸው ሽልማቶች ይልቅ በዚህ ንግግር ይኮራል።

ሚስ ኦዴሳ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የታመሙትን አባታቸውን ሚስተር ሩፎስ ማክሬይን ሲያስታምሙ ቆይተዋል። አባትና ልጅ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው የኖሩ ሲሆኑ፣ ከታረቁ በኋላም አባት ልጃቸውን በስም ጠርተው አያውቁም። አብረው በሉ፣ አብረው ጸለዩ፤ ስሙ ግን ሳይነሣ ኖረ። ሰኞ ዕለት ለቀብሩ ስንመካከር፣ ሚስተር ሩፎስ የልጃቸውን የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ፎቶና ሲወለዱ የወጣላቸውን ስም ይዘው ቀረቡ። «ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባት ያወጣው ስም አይሻርም» አሉ። የማኅበሩ ምክትል ሰብሳቢ ሚስ ላቪኒያ ተብስም፣ «ልክ ነዎት፣ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ግን ቅዳሜ በዚያ ስም የሚመጣ ሰው የለም፤ ልጅዎን ብቻዎን ነው የሚቀብሩት» አሏቸው።

ሌላ ፎቶ ልናቀርብላቸው ስንፈልግ ጉድ ሆነ። ማኅበሩ እልፍ ፎቶ አለው፤ ሁሉንም ሲያነሡ የኖሩት ሚስ ኦዴሳ ግን አንድም ቀን ካሜራው ፊት ባለው ወንበር ላይ አልተቀመጡም። እያንዳንዳችን ሌላው አንሥቷቸዋል ብለን ነበር። በመጨረሻ በሚስ ላቪኒያ ስልክ ውስጥ አንድ ተገኘ፤ በቤተ ክርስቲያን የዓሣ ግብዣ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲስቁ የተነሡት፣ የዘመመና የሰው ክርን የገባበት ነው። በሕይወት ቢኖሩ በፍጹም አያሳልፉትም ነበር። ማክሰኞ ለአባታቸው ወሰድንላቸው። ትኩር ብለው አዩትና፣ «እናቷን ትመስላለች» አሉ። ፎቶውንም አልመለሱልንም።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት፣ ሚስተር ሩፎስ ሳይታመሙ ባገለገሉበት የሰፈሩ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። በሚስ ኦዴሳ ካሜራ ፊት የተቀመጣችሁ ሁሉ የእሑድ ባርኔጣችሁን አድርጋችሁ እንድትገኙ ማኅበሩ ይጠይቃል። ለአባታቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ሐዘኑ የእኛም ነውና አብረን እንቀመጣለን።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ በሽፋኑ ላይ የሚወጣውን ስም ለማረጋገጥ ወደ ሚስተር ሩፎስ ቤት ደውሏል። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው። ኦዴሳ ብለው፣ እንዳይሳሳቱባቸው ፊደል በፊደል ነገሯቸው።