ሰማያዊው ክር

ድስት ለምታሳርረው ልጄ፤ ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ድስቱንም ካንተ ይሰውረው። ቤት ደኅና ነው፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።

የንቅናቄው ደጋፊዎች የሚለብሷቸውን ሻርፖች ስሰፋ ቢጫ ክር አለቀብኝና የግማሾቹን ጠርዝ በሰማያዊ ዘመዘምኩት። አሁን በየስልኩ «ሰማያዊ ጠርዝ የሰላዮች ምልክት ነው» እየተባለ ነው። አምና አብረው የዘፈኑ ሰዎች ዘንድሮ በጠርዝ ተለያይተው ይፈነካከታሉ። አጎትህ ሰማያዊውን አድርጎ ቢወጣ የፊት ጥርሱን አወለቁት፤ ይኸው ሲያወራ ያፏጫል።

«ኧረ ክር አልቆብኝ ነው!» ብል፣ ጎረቤታችን አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እንዲህ እንዲሉ ማን ነገረዎት?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን እኔንም ሰላይ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ልጄ፣ ላንተ የላክሁት ሻርፕም ጠርዙ ሰማያዊ ነው። አንተ ባለህበትም የንቅናቄው ደጋፊዎች ሞልተዋል አሉ። እባክህ፣ ሳትለብሰው ጠርዙን ተርትረው። ምርቃቴ ጠርዝ ይሁንህ።

እናትህ