አንድ ስንዝር የጎደለው ሜዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1፡30

ሜዳውን ጠረግኩ። የሌሊቱ ዝናብ ኖራውን አጥቦታል፤ መስመሩን እንደገና ቀባሁ። ቦንጋ ላይ የቀይ አፈር ቴኒስ ሜዳ የሠራ ሰው ሌላ ንስሐ አያስፈልገውም፤ በየጠዋቱ በመጥረጊያ ይጨርሰዋል።

ዛሬ ምትኩ ናይሮቢ ላይ የመጨረሻ ማጣሪያውን ይጫወታል። ደብተሬ፣ ምትኩን ታውቀዋለህ። ከሺሺንዳ መጥቶ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ራኬት ያስያዝኩት ልጅ። አሁን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከአገር አገር እየዞረ ከባለሙያዎቹ ጋር ይጋጠማል። ካምፓላ፣ ኪጋሊ፣ አሁን ናይሮቢ። የዓለም ደረጃ ውስጥ ስሙን የምታስገባው አንዲት ነጥብ ናት። እሷን ለማግኘት ማጣሪያውን አልፎ ዋናው ውድድር ላይ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። እስካሁን አልሆነለትም። ለመስቀል ሲመጣ ቁርጡን ነገረኝ፦ የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ካላገኛት ራኬቱን ይሰቅላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ውድድር ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ናይሮቢ።

9፡00። ተሸነፈ። 7-5፣ 6-4። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ይበቃል። መጨረሻ ላይ ሰርቩን፣ ጨዋታ የሚከፍትበትን ምት፣ አከታትሎ እንዳበላሸ ከነጥቡ ይታያል። ሁልጊዜ እዚያችው ጋ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ደወለ። ድምፁ ደህና ነው፤ ለኔ ብሎ ነው። ሲጨንቀው ሰርቩ ዝቅ ብሎ መረብ ይመታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ወሬ ቀየረ። እኔ ግን አውቃለሁ ባይ ነኝና ግማሽ ሰዓት ሰበክሁት፦ እንቅልፍ፣ ትንፋሽ፣ ጸሎት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከጓዳ ሆና፣ የልጁን ካርድ ጨረስክበት አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መጥፎ ቀን። ስፖርት የማስተምርበትን ት/ቤት አጥር የሚለካ ቀያሽ መጣ። የብረት ሜትር ይዟል። አርፌ አልቀመጥ! እስቲ ሜዳዬንም ለካው፣ ልክ ማለት ምን እንደሆነ ታያለህ አልኩት። ለካ። ሰርቭ የሚያርፍበት ሳጥን አንድ ስንዝር ይጎድላል። ሜትርህ ተበላሽቷል አልኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ደግሞ ለካ። አሁንም ስንዝር።

ቤት ገብቼ ገመዱን አወጣሁ። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ሜዳውን የለካሁበት የእንሰት ቃጫ። ያኔ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ሳለ፣ በየልኩ ቋጠሮ አሰርኩበት። ሜዳው ላይ የዘረጋሁት ግን በካፊያ ነው። ካፊያ የሌለበት ቀን ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬም ሜዳ የለም። አሁን ገመዱን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ አውጥቼ፣ ወለሉ ላይ ካሰመርኩት ልክ ጋር አስተያየሁት። አጥሯል። ጥሩወርቅ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ አቆመች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አሁን ገባኝ። ምትኩ ሰርቭ የተማረው ባጠረ ሳጥን ላይ ነው። ሲረጋጋ አርቆ ይመታል። ሲጨንቀው እጁ የለመደውን፣ የኔን ሳጥን ይፈልጋል፤ ኳሷ ዝቅ ትልና መረብ ትመታለች። ይህን ሁሉ ዓመት ፍርሃትህን አሸንፍ እያልኩ የጮህኩበት ለካ የራሴ ስንዝር ኖሯል። አፈርኩ፣ ደብተሬ። ማሠልጠን ልተው ሁሉ አሰብኩ።

ልንገረው? የመጨረሻው ውድድር ሰኞ ይጀምራል። ብነግረው ይረበሻል። ባልነግረው ሌባ ነኝ። ጥሩወርቅን ብጠይቃት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለችኝ። ለሷ ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ነገርኩት። ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ጋሼ፣ እኔኮ አውቃለሁ።» አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ ለውድድር አዲስ አበባ የሄደ ቀን የዚያን ሜዳ ሳጥን በእግሩ ለክቶ ደርሶበታል። ስምንት ዓመት! ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩ። በገዛ እጅዎ የሠሩትን ሜዳ በምን አፌ ጎደለ ልበል አለኝ።

ተናደድኩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ጨዋ ልጅ ፈጀው! ከዚያ እንባዬ መጣ፤ የሰማኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አሠለጠንኩት። ሲጨንቅህ ሳጥኑን አትይ፣ ከሳጥኑ ጀርባ የቆመውን ሰውዬ ጫማ እይ፣ ኳሷን ወደዚያ ላካት አልኩት። ሳቀ። እሺ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። 8፡15

ማጣሪያውን አለፈ! ሁለቱንም ጨዋታ! ዛሬ ዋናው ውድድር ነው፣ የመጀመሪያው ዙር። ዘጠነኛ ክፍሎችን ኳስ ሰጥቼ ስልኬ ላይ ተተክያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

6-4 የሱ። 3-6 የሰውዬው። በሦስተኛው 5-4 ይመራል፤ ሰርቩም የሱ ነው። 15-30። ጫማውን፣ ልጄ፣ ጫማውን። 30-30። 40-30። ቁጥሩ ቆመ።

ስሙ አጠገብ ምልክት ወጣ።

አሸነፈ። አንድ ነጥብ! ስጮህ ዘጠነኛ ክፍሎች ኳሱን ጥለው መጡ፤ መምህራቸው ያበደ መስሏቸዋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

በሁለተኛው ዙር ተሸነፈ፤ ግን ሰርቩ መረብ አልመታም። ለከርሞ እቀጥላለሁ ብሏል። እናቱ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ላገኘችው ሁሉ ልጄ አንድ ነጥብ አገኘ እያለች ነው አሉ። ከስንት ነው ብለው ሲጠይቋት ትቆጣለች።

ዛሬ የቴኒስ ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው፦ ሜዳው ይጎድላል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንዷ እጇን አወጣች፤ እስካሁን ያስገባነው ሰርቭ ይቆጠራል ወይ አለች። ይቆጠራል አልኳት። ምን ልበላት?

ወሰንኩ። ቅዳሜ መስመሩን በሙሉ ፍቄ እንደገና አሰምራለሁ። ቀያሹ የብረት ሜትሩን ያውሰኛል። ምትኩ ዓርብ ይገባል፤ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን እሱ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነበው እሱ ነው። ከጎደለ፣ ጎደለ ይበለኝ።